የጥጃው ሣርና የወፏ ጎጆ

በነገሌ ቦረና አቅራቢያ፣ በሊበን ሜዳ ላይ፣ አንድ አዛውንትና በቅርቡ ለወረዳው የተመደበ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ በግጦሽ ክልል አጥር ጥግ ተቀምጠው ያወጋሉ።

ባለሙያው፦ አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. እዚህ ሜዳ ላይ ያገኟት የሊበን ላርክ የተባለችው ወፍ ለመጥፋት ተቃርባለች። ዛሬ መኖሯ የሚታወቀው እዚህና ጅጅጋ አካባቢ ብቻ ነው። ታዲያ ከብቱን አስወጥተን ሜዳውን ለምን አንከልለውም?

አዛውንቱ፦ እኛስ የት እንሂድ? ደግሞ እኛ ከሄድን ቁጥቋጦውን ማን ይመነጥራል? ድሮ እሳት እየለቀቅን እናጸዳው ነበር። በደርግ ጊዜ ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ እሾሁ ሜዳውን ወረሰው።

ባለሙያው፦ ከብቱስ ቢሆን ሜዳውን ግጦ ራቁቱን አላስቀረውም? ወፏ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ከሣር ሥር ነው። ሣሩ ካጠረ ጎጆዋ ይጋለጣል፤ በኮቴም ይረገጣል።

አዛውንቱ፦ አልካድኩም። ግን ከፊሉ መሬት ታረሰ፣ ከፊሉን ቁጥቋጦ ያዘው፤ ከብቱ በተረፈው ላይ ተጨናነቀ። ወፏና ጥጃዬ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ረዘም ያለ ሣር። ለዚህም ካሎ፣ የተከለለ የግጦሽ መሬት፣ አለን።

ባለሙያው፦ ካሎ ለወፍ ተብሎ የተሠራ ነው እንዴ?

አዛውንቱ፦ የለም፣ ለጥጃና ለከሳች ላም ነው። ዝናብ ሲጥል እንዘጋዋለን፣ በበጋ እንከፍተዋለን። ወፏም የምትፈለፍለው በዝናቡ ነው፤ ከብቱ እስኪገባ ሣሩ ይሸፍናታል።

ባለሙያው፦ እንግዲያው ሜዳውን ሁሉ ካሎ እናድርገው!

አዛውንቱ፦ ቀስ በል፣ ልጄ። ሁለት ላም ብቻ ያላት መበለት የት ታሰማራ? በካሎ ስም ጉልበተኛ ለብቻው መሬት ሲያጥርም አይተናል። የትኛው ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት፣ ጥሶ የገባ ምን ይቀጣ የሚለውን መንደሩ ተሰብስቦ ይወስን። እናንተ ደግሞ ቁጥቋጦ ለሚመነጥሩት የቀን ክፍያ አምጡ፤ የታረሰውም ወደ ሣር እንዲመለስ ከባለ እርሻዎቹ ጋር ተስማሙ።

ባለሙያው፦ አለቆቼ የሚጠይቁኝ ግን ስንት ወፍ እንደተቆጠረ ነው።

አዛውንቱ፦ ቁጠር፣ ማን ከለከለህ? ከጎኑ ግን በድርቅ ስንት ጥጃ እንደተረፈ ጻፍ። ጥጃው ካልተረፈ ካሎውን የሚጠብቅልህ የለም፤ ካሎው ከፈረሰ ደግሞ የምትቆጥረው ወፍ አታገኝም።