ቁጥር ለምን ያስፈራናል?



በሂርና ገበያ መልስ ቆጥረን ስንቀበል አንሳሳትም፤ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ስንቆም ግን እንርበተበታለን። ፍርሃቱ ከየት መጣ? ምክንያቱን ሳናውቅ ሕጉን በቃል ከመያዝ ነው።

ባሕረ ሐሳብን እንመልከት። በ2018 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዕ 18 ይሆናል። ድምራቸው 30 ነው፤ በየዓመቱም እንዲሁ። ለምን? 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ ነው! የሒሳብ ውበቱ ይህ ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ሕጉን ከመሸምደዳችን በፊት «ለምን?» ብለን እንጠይቅ፤ ያን ጊዜ ፍርሃቱ ይለቀናል።