የጨርቅ ብርታት፦ ፓራሹት እንዴት ተሠራ? እንዴትስ ተፈተነ?



አብዛኞቻችን ፓራሹትን የምናውቀው ከፊልምና ከሥዕል ነው። በአማርኛችን «ጃንጥላ» እንለዋለን፤ በእርሱ የሚወርደውንም ወታደር «አየር ወለድ» ብለን እንጠራዋለን። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። ጨርቅ አለ፣ ገመድ አለ፣ ከሥሩ ሰው ተንጠልጥሏል። ነገር ግን ይህ ጨርቅ ዛሬ ካለበት ደረጃ ለመድረስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ በመንገዱም ላይ ብዙ ሰው ሞቷል። በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን። አንደኛ፣ ፓራሹት እንዴት እንደሚሠራ፤ ሁለተኛ፣ የአሠራሩና የጨርቁ ችግሮች እንዴት እንደተፈቱ፤ ሦስተኛ፣ አዲስ ነገር ሲሞከር አደጋው በማን ላይ መውደቅ እንዳለበት። ለየት አድርገን ካላመለከትን በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. አየር እንዴት ይሸከማል?

አየር ባዶ ነገር አይደለም። በሚሮጥ መኪና መስኮት እጃችንን ብናወጣ ወደ ኋላ የሚገፋን እርሱ ነው። አንድ አካል ሲወድቅ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ከታች የሚገፋው አየርም ይበረታል። የሚበረታውም በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በመጨረሻም የአየሩ ግፊትና የአካሉ ክብደት ይመጣጠኑና ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል። ያለ ፓራሹት ለሚወድቅ ሰው ይህ ፍጥነት በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በክብ የጦር ፓራሹት የሚወርድ ወታደር ግን መሬት የሚነካው በሴኮንድ 6 ሜትር ገደማ እየወረደ ነው። ይህም 1 ሜትር ከ80 ከፍታ ካለው ግንብ ላይ ዘሎ ከመውረድ ጋር እኩል ነው። አይገድልም፤ ቁርጭምጭሚት ግን ሊሰብር ይችላል። አየር ወለዶች እግራቸውን ገጥመው፣ ጉልበታቸውን ዐጠፍ አድርገው በጎናቸው መንከባለልን አስቀድመው የሚማሩት ስለዚህ ነው።

ታዲያ ጨርቁን በጣም አስፍቶ ፍጥነቱን መቀነስ አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ነገር ግን ፍጥነቱን በግማሽ ለመቀነስ የጨርቁ ስፋት አራት እጥፍ መሆን አለበት። ያን ጊዜ ክብደቱም ጥቅሉም ይበዛል፤ የሚሸከመውም ሰው ይቸገራል። ስለዚህ ጨርቁ ሰፊም፣ ቀላልም፣ ጠንካራም መሆን ይገባዋል። የፓራሹት ታሪክ በአብዛኛው እነዚህን ሦስቱን የማስታረቅ ታሪክ ነው።

2. ከወረቀት ወደ አየር

ኢጣሊያዊው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1480ዎቹ ዓመታት በእንጨት የተወጠረ የፒራሚድ ቅርጽ ያለው ጨርቅ በወረቀት ላይ ነድፎ ነበር። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ በ2000 ኤድሪያን ኒኮላስ የተባለ እንግሊዛዊ በሥዕሉ መሠረት ያሠራውን ፓራሹት በደቡብ አፍሪካ ሞከረው። ፓራሹቱ 85 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። አወራረዱ የተረጋጋ ሆነ፤ ሰውየው ግን መሬት ከመድረሱ በፊት ከእርሱ ተላቆ በዘመናዊ ፓራሹት ወረደ። ያ ከባድ እንጨት ከላዩ ላይ ቢወድቅ ይገድለው ነበርና ነው። እንግዲህ የሊዮናርዶ ሐሳብ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ቀላልና ጠንካራ ዕቃ ነው።

ፈረንሳዊው ሉዊ ሴባስቲያን ለኖርማን በ1783 ሁለት ጃንጥላዎችን አስተካክሎ ይዞ ከዛፍ ላይ ዘለለ። «ፓራሹት» የሚለውን ስም ያወጣውም እርሱ ነው፤ ትርጉሙ «ከውድቀት የሚከላከል» ማለት ነው። እኛም ይህን ዕቃ ጃንጥላ ማለታችን እንግዲህ ከአመጣጡ የራቀ አይደለም።

በጥቅምት 1797 አንድሬ ዣክ ጋርነራን ከፓሪስ ከተማ በላይ ከባሉን ተለይቶ በሐር ፓራሹት ወረደ። በሕይወት ደረሰ፤ ነገር ግን በመንገዱ ሁሉ እንደ ሰዓት ፔንዱለም እየተወዛወዘ ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው። በጨርቁ ውስጥ የታመቀው አየር መውጫ ስለሌለው አንዴ በአንድ ጠርዝ፣ አንዴ በሌላው ጠርዝ ሾልኮ ያመልጣል፤ ባመለጠ ቁጥርም ፓራሹቱን ያጋድለዋል። መፍትሔው በአናቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ማበጀት ሆነ። አየሩ በመካከል በሥርዓት ሲወጣ ውዝዋዜው ይቀንሳል። እንዲያድን የተሠራ ጨርቅ ላይ ሆን ብሎ ቀዳዳ ማውጣት ለጊዜው የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ሆኖም ሠራ።

3. በራሳቸው የሞከሩት

በ1837 ሮበርት ኮኪንግ የተባለ የ61 ዓመት እንግሊዛዊ ሠዓሊ ውዝዋዜውን በሌላ መንገድ አጠፋለሁ ብሎ ተነሣ። ፓራሹቱን እንደ ተገለበጠ ጃንጥላ፣ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ሠራው። ይህ ቅርጽ ሳይወዛወዝ እንደሚወርድ ከእርሱ በፊትም ሰር ጆርጅ ኬይሊ የተባለ ሊቅ ጽፎ ነበር። ኮኪንግ ግን የፓራሹቱን የራሱን ክብደት በቅጡ አላሰበበትም፤ ክፈፉና ስፌቱም ደካማ ነበሩ። ለንደን አቅራቢያ ከባሉን ሲለቀቅ ፓራሹቱ ተሰባብሮ ሞተ።

በየካቲት 1912 ፓሪስ ውስጥ ይኖር የነበረ ፍራንዝ ራይሼልት የተባለ ልብስ ሰፊ እንደ ካፖርት የሚለበስ ፓራሹት ሠራ። ከአይፍል ማማ ላይ በአሻንጉሊት እንዲሞክረው ይጠበቅ ነበር፤ እርሱ ግን ራሱ ለብሶት ከ57 ሜትር ከፍታ ዘለለ። ጨርቁ ሳይከፈት መሬት ደረሰ፤ ሞተም።

እነዚህን ሰዎች ሞኞች ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሁለቱም ግን ሊረዱት የፈለጉት ነገር ነበር፤ ራይሼልት የሚያስበው ለአብራሪዎች ነበር። ድፍረትም አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ከሰው በፊት ጨርቁን የሚፈትን ሥርዓት ነው።

4. የተከለከለው ፓራሹት

ሩሲያዊው ግሌብ ኮቴልኒኮቭ በ1910 ሌቭ ማትሲዬቪች የተባለ አብራሪ በአየር ትርዒት ላይ ወድቆ ሲሞት አየ። በሚቀጥለው ዓመት በጀርባ የሚታዘል፣ በውስጡ የሐር ጨርቅ የታጠፈበት ፓራሹት ሠራ። የአገሩ ሹማምንት ግን ወዲያው አልተቀበሉትም።

ከዚህም የከፋው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የሆነው ነው። ከባሉን ላይ ሆነው ጠላትን የሚሰልሉት ወታደሮች ፓራሹት ነበራቸው፤ የብሪታንያ ተዋጊ አብራሪዎች ግን እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ አልተሰጣቸውም። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዳንዶቹ እውነተኛ ነበሩ፤ የጊዜው ፓራሹት ከባድና ግዙፍ ነበር፤ የአውሮፕላኑም ቦታ ጠባብ ነበር። ነገር ግን «ማምለጫ ካላቸው አውሮፕላኑን ቶሎ ይተዉታል» የሚል አስተሳሰብም ነበረ። ጀርመኖች በ1918 ለአብራሪዎቻቸው ማደል ጀመሩ፤ ፓራሹታቸው ብዙ ጊዜ ቢበላሽም ብዙዎችን አዳነ። ከዚህ የምንረዳው አንድ ግኝት ሰው ለማዳን መፈልሰፉ ብቻ እንደማይበቃ ነው። የሰውየውን ነፍስ ከመሣሪያው አስበልጦ የሚያይ አዛዥም ያስፈልጋል።

ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ጦር አንድ ቡድን ችግሩን በሥርዓት ያዘው። ቀደም ሲል ፓራሹቱ የሚከፈተው ከአውሮፕላኑ ጋር በታሰረ ገመድ ነበር፤ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ሲወድቅ ግን ገመዱ ይጠላለፋል። ቡድኑ ዘላዩ ራሱ በእጁ የሚስበው መክፈቻ አበጀለት። መክፈቻው ሲሳብ በመጀመሪያ አንዲት ትንሽ ፓራሹት በሞላ ተስፈንጥራ ትወጣለች፤ እርሷም ትልቁን ጎትታ ታወጣዋለች። ቡድኑ ብዙ ጊዜ በአሻንጉሊት ከሞከረ በኋላ በሚያዝያ 28 ቀን 1919 ሌስሊ ኧርቪን ዘለለ። ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ፓራሹቱ ግን እንደታሰበው ተከፈተ። በ1922 ሃሮልድ ሃሪስ የተባለ አብራሪ አውሮፕላኑ በአየር ላይ ሲሰባበርበት በዚህ ዐይነት ፓራሹት ዳነ። ከዚያ ወዲህ በፓራሹት ነፍሳቸው ለተረፈ ሰዎች «የአባጨጓሬ ማኅበር» ተቋቋመ። ስሙ የተወሰደው ከሐር ትል ነው፤ ያዳናቸውን ክር የፈተለችው እርሷ ናትና።

5. ከሐር ወደ ናይለን

ሐር ለፓራሹት የተመረጠው ለውበቱ አይደለም። ቀላል ነው፣ ሲታጠፍ ቦታ አይፈጅም፣ ሲለቀቅ ቶሎ ይዘረጋል፣ ሲወጠርም በጥቂቱ ይለጠጣል። ይህ መለጠጥ ዋና ነገር ነው። ፓራሹት በድንገት ሲከፈት ገመዱና ጨርቁ ጨርሶ የማይለጠጡ ቢሆኑ ኖሮ ጉልበቱ በሙሉ በአንድ ቅጽበት በዘላዩ አካልና በስፌቱ ላይ ባረፈ ነበር።

ይሁን እንጂ ለአሜሪካ አብዛኛውን ሐር የምታቀርበው ጃፓን ነበረች፤ በ1941 ያ መንገድ ተዘጋ። ደግነቱ በዱፖንት ኩባንያ ዋላስ ካሮተርስና ባልደረቦቹ በ1935 ናይለንን ሠርተው ነበር። ናይለን በ1940 በመላ አሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው የሴቶች ስቶኪንግ ሆኖ ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣ ግን ወደ ፓራሹትና ወደ ገመድ ተዛወረ። በሰኔ 1942 አደላይን ግሬይ የተባለች ወጣት በኮኔቲከት ግዛት በናይለን ፓራሹት በመዝለል የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። ናይለን ከሐር ይበልጥ ይለጠጣል፣ በእርጥበትም አይሻግትም። ጠላቶቹ ሙቀትና ፀሐይ ናቸው። ገመድ ከገመድ ጋር በፍጥነት ሲፋተግ ይቀልጣል፤ ፀሐይ ላይ ከቆየም ኃይሉን ያጣል።

ከዚህ ላይ የሸማኔው ጥበብ ይመጣል። ተራ ጨርቅ በአንድ በኩል ከተቀደደ ቅዳዱ እየሮጠ ይሄዳል። ስለዚህ በድሩም በማጉም በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ወፈር ያለ ክር እየገባ ጨርቁ በትንንሽ ካሬዎች ተከፋፍሎ ይሸመናል። ቅዳዱ ከወፍራሙ ክር ሲደርስ ይቆማል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት አባቶቻችን ይህን ጨርቅ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር። የዚህ ዐይነቱ ጨርቅ አንድ ካሬ ሜትር 40 ግራም እንኳ አይሞላም። ገመዱም እንዲሁ ነው። በውስጡ ሰባት ያህል ክሮች፣ በላያቸውም የተጎነጎነ ልብስ አለው፤ እንደ ጫማ ማሰሪያ ቀጭን ሆኖ 250 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል።

በ1960ዎቹ ዓመታት ዶሚና ጃልበርት የተባለ የካይት ሠሪ ሁለት ጨርቆችን ደራርቦ በመካከላቸው ክፍሎች አበጀና የፊቱን ጠርዝ ክፍት ተወው። አየር በፊት በኩል ገብቶ ሲሞላው ጨርቁ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይሆናል፤ ዘላዩም ወደሚፈልገው አቅጣጫ ይመራዋል። እዚህ ላይ የሚፈለገው አየር ጨርሶ የማያሳልፍ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ክፍተቱ እንዲደፈን ናይለኑ በሲሊኮን ይቀባል።

6. ጆንያም ጨርቅ ነው

ይህ ጥበብ ከጦር ሜዳ ውጭም ይሠራል። በ1977 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በድርቁ ጊዜ፣ የብሪታንያና የምዕራብ ጀርመን የጭነት አውሮፕላኖች መኪና በማይደርስባቸው የሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች ላይ እህል ይጥሉ ነበር። ለእያንዳንዱ ጭነት ፓራሹት ማሰር ውድ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኖቹ እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ እህሉን ያለ ፓራሹት ጣሉት። እንዳይበተንም ከአንድ በላይ ጆንያ ተደረበበት፤ የውስጡ ቢፈነዳ የውጭው ይይዘዋል። ሐሳቡ ከካሬዎቹ ጨርቅ ጋር አንድ ነው፦ ምንም አይቀደድም ብሎ አለመተማመን፣ ሲቀደድ ግን ጉዳቱ ከአንድ ቦታ እንዳያልፍ አስቀድሞ ማሰናዳት።

7. ስሕተቱ በጨርቁ ላይ ይውጣ

በ2014 እና በ2015 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ለማርስ ጉዞ የታሰቡ ትልልቅ ፓራሹቶችን ከመሬት በላይ በከፍተኛ ከፍታ ሞክሮ ሁለቱም ተቀደዱ። በሥራቸው ሰው አልነበረም። መሐንዲሶቹ ቅዳዱን መረመሩ፤ ለቀጣዩ ጉዞ የታሰበውንም ፓራሹት በ2017 እና በ2018 በሮኬት እየላኩ ፈተኑ። በየካቲት 2021 ከናይለንና ኬቭላርን ከመሰሉ ጠንካራ ክሮች የተሠራ፣ 21 ሜትር ከግማሽ ወርድ ያለው ፓራሹት ከምድር አየር መቶኛ እጅ ያህል ብቻ በሆነው የማርስ አየር ላይ ተከፍቶ የሚወርደውን መሣሪያ ፍጥነት ቀነሰ።

ይህን ከኮኪንግና ከራይሼልት ጋር እናነጻጽረው። በሁለቱም ዘመን ጨርቅ ተቀዷል፣ ስሌት ተሳስቷል። ልዩነቱ ስሕተቱ ያረፈበት ቦታ ነው። በቀድሞው ዘመን በሰው ላይ ወጣ፤ በኋለኛው ዘመን በጨርቅ ላይ። እውነተኛው እድገት ይህ ይመስለኛል።

ሆኖም የመጨረሻው ጥንቃቄ ዛሬም በሰው እጅ ነው። ፓራሹቱን የሚያጥፈው ሰው አንድ ገመድ ቢያጠላልፍ የፋብሪካው ብልሃት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በአሜሪካ ጦር ፓራሹት አጣፊው ራሱ ዘላይ መሆን አለበት፤ ባጠፈው ፓራሹት ዝለል ቢባልም እንቢ ማለት አይችልም። ለሌላው የምንሠራውን ሥራ እኛው እንደምንጠቀምበት አድርገን እንሥራ ማለት ይህ ነው።

የሚሞከር፦ አንድ መሐረብ ወስዳችሁ በአራቱም ማዕዘን እኩል ክር እሰሩ፤ ክሮቹን በአንድ ትንሽ ጠጠር ላይ ቋጥሩ። ከታች ሰው አለመኖሩን አይታችሁ ከሰገነት ጣሉት፤ አወዛወዙንም ተመልከቱ። ቀጥሎ በመሐረቡ መካከል የጣት ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አውጡና ደግማችሁ ጣሉት። ልዩነቱን ጻፉ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

ሀ. ለአብራሪዎች ፓራሹት የከለከሉት አዛዦች ካቀረቧቸው ምክንያቶች የትኛው ተቀባይነት አለው? የትኛውስ የለውም?

ለ. ራሱን በራሱ ላይ የሚሞክር ፈልሳፊና ሌላውን ሰው የሚያስሞክር ፈልሳፊ በምን ይለያያሉ?

ሐ. በየሙያችንና በየትምህርታችን ሌላው ሰው አምኖብን «የሚዘልበት» ሥራ የትኛው ነው?