በሁለት ቀጠሮዎች መካከል፦ የእርግዝና ሕመምና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው እናቶች በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የእናቶች ሞት ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በጉልህ ቀንሷል። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ የነበረ ሲሆን፣ ቁጥሩ በ2016ቱ ጥናት ወደ 412 ዝቅ ብሏል። በዚሁ ጥናት መሠረት በአዲስ አበባ ከተመዘገቡ ወሊዶች መካከል 97 በመቶ ያህሉ በጤና ተቋም የተፈጸሙ ናቸው። ቁጥሩ የከተማዋ እናት ከጤና ተቋም ጋር መገናኘቷን ያሳያል፤ በጊዜው መድረሷን ግን አያረጋግጥም። ይህ ጽሑፍ ትኩረት የሚያደርገው በአንድ የክትትል ቀጠሮና በሚቀጥለው መካከል ባለው ጊዜ፣ ነፍሰ ጡሯ ከሕመሟ ጋር በቤቷ በምትቆይባቸው ቀናት ላይ ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ኮልፌ ቀራንዮ በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከ400 ሺህ በላይ ነዋሪ የተመዘገበበት ክፍለ ከተማ ነው። ከአጣና ተራ እስከ አየር ጤና ባሉት ሰፈሮች በጉሊት ንግድ፣ ልብስ በማጠብ፣ እንጀራ በመጋገርና በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች አሉ። ለእነዚህ ሴቶች የአንድ ቀን ቀጠሮ የአንድ ቀን ገቢ ማጣት ነው።

ስሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ የእናቶችን ሞት ከሦስት መዘግየቶች ጋር አያይዘው አብራርተዋል። የመጀመሪያው እርዳታ ለመፈለግ በመወሰን፣ ሁለተኛው ተቋም በመድረስ፣ ሦስተኛው ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ረገድ የሚታይ ነው። በገጠር ሁለተኛው መዘግየት ጎልቶ ይታያል። ጤና ጣቢያ በቅርብ በሚገኝበት ከተማ ግን የመጀመሪያው መዘግየት የበለጠ ትኩረት ይሻል።

የምልክቶች አተረጓጎም

የመዘግየቱ አንዱ ምንጭ ምልክቶች የሚተረጎሙበት መንገድ ነው። በእርግዝና ወቅት የሚከሰተው ፕሪኤክላምፕሲያ ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። ሕመሙ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140/90 ሲደርስ ወይም ከዚያ ሲያልፍና በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ ይታወቃል፤ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች መጎዳታቸውም ምልክት ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ሲጀምር ምንም ስሜት ላይኖረው ይችላል። ሲበረታ የሚሰማው ብርቱ ራስ ምታት በቤት ውስጥ እንደ ምች ተቆጥሮ ዳማከሴ ሊታሽለት፣ የፊትና የእጅ እብጠቱም የእርግዝና ወግ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የዓይን ብዥታ ከድካም፣ ከጨጓራ በላይ የሚሰማ ሕመም ደግሞ ከምግብ ጋር ሊያያዝ ይችላል። እያንዳንዱ ትርጓሜ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ይመስላል። ምልክቶቹ ተደምረው ሲታዩ ግን አንቀጥቅጦ የሚጥል ሕመም መቃረቡን ሊያመለክቱ ይችላሉ።

ይህን አደጋ የሚከላከለው ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው ዓለም አቀፍ ሙከራ መድኃኒቱ የመንቀጥቀጥ አደጋን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሙሉ ሕክምናውን መስጠት በማይቻልበት ተቋም የመጀመሪያው መጠን ተሰጥቶ ታካሚዋ ወዲያውኑ ወደ ከፍተኛ ተቋም እንድትተላለፍ ይመክራል። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ግን እናቲቱ ስትደርስ ነው።

የደም ማነስም ተመሳሳይ ባሕርይ አለው። በነፍሰ ጡር ሴት የሄሞግሎቢን መጠን በዴሲሊትር ደም ከ11 ግራም ሲያንስ የደም ማነስ ይባላል። ድካሙ ከሥራ ብዛት የመጣ ስለሚመስል በቀላሉ ይታለፋል። የብረት ክኒን የሆድ ድርቀትና ማቅለሽለሽ ስለሚያስከትል ሊቋረጥ ይችላል። ቡናና ሻይ ከክኒኑ ጋር ሲወሰዱ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚቀንሱ፣ ቡና በሚዘወተርበት ቤት የመውሰጃው ሰዓት ተለይቶ ሊነገር ይገባል። ደም ያነሳት እናት በወሊድ ጊዜ ደም ሲፈሳት የመቋቋም አቅሟ አነስተኛ ነው።

ነፃ አገልግሎትና የሚቀረው ወጪ

በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት ከክፍያ ነፃ ነው። ይሁን እንጂ የትራንስፖርት፣ በተቋሙ ያልተገኘ መድኃኒትና ምርመራ፣ የቀረ የቀን ገቢና የልጆች ጠባቂ ወጪ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። ገንዘቡ በባል ወይም በሌላ የቤተሰብ አባል እጅ ከሆነ ውሳኔውም ያንኑ ሰው ይጠብቃል። በመሆኑም ሴቲቱ ምልክቱን ብታውቀውም «እስከ ነገ ልየው» ማለቷ ካለማወቅ ብቻ የሚመነጭ አይደለም፤ የዛሬውን ወጪ ካልተረጋገጠው አደጋ ጋር በማመዛዘን የሚደረግ ውሳኔ ነው።

ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ቢያንስ ስምንት የክትትል ግንኙነቶች እንዲኖሩ፣ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሆን መክሯል። በዚያው ዓመት በተካሄደው የኢትዮጵያ ጥናት ግን በአገር አቀፍ ደረጃ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት 20 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ዘግይቶ በተጀመረ ክትትል የመነሻ የደም ግፊትና የሄሞግሎቢን መጠን ስለማይታወቅ ኋላ የሚመጣውን ለውጥ መለየት ያስቸግራል።

የግንኙነቱ ቁጥር ማደጉ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። በእያንዳንዱ ቀጠሮ የአደጋ ምልክቶችን ከመዘርዘር አልፎ፣ ምልክቱ ሌሊት ቢከሰት ማን እንደሚጠራ፣ በምን እንደሚኬድ፣ የትኛው ተቋም እንደሚኬድና ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩ ከእናቲቱና ከቤተሰቧ ጋር መወሰን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዋን ወደ ቤት የሚያደርስ በመሆኑ፣ ቀጠሮ ላለፋት ወይም ግፊቷ ከፍ ላለ እናት በቤቷ የደም ግፊት ለመለካት አመቺ ነው። ዕቁብና ዕድርም ለድንገተኛ ጉዞ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ለማሰባሰብ ያገለግላሉ፤ ዕድር ለቀብር ያዳበረው ፈጣን መደራረስ ለምጥና ለደም መፍሰስም ሊውል ይችላል።

ማጠቃለያ

በኮልፌ ቀራንዮ የእርግዝና ሕመምን መቆጣጠር በጤና ጣቢያው በር ላይ የሚጀመር ተግባር አይደለም። የሚጀመረው ራስ ምታቱ ምን እንደሆነ በቤት ውስጥ ሲተረጎምና ለመሄድ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሲሰላ ነው። የአገልግሎቱ ስኬት በቀጠሮ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ምልክቱ ከታየበት ሰዓት አንሥቶ ሕክምናው እስከ ተጀመረበት ሰዓት ባለው የጊዜ ርዝመት ጭምር ሊለካ ይገባዋል።