ስለ ውኃ ጠባይ፤ በውርጭና በሐይቅ



በመንዝ ደጋ ስናገለግል አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆመው፥ «የኔታ፥ አመዳይ በሌሊት ከወዴት ይወርዳል? የእኔን ገብስ አቃጥሎ ከዳገቱ ላይ ያለውን የጎረቤቴን ገብስ ለምን ማረው?» ብለው ጠየቁን። በዚያን ጊዜ አመዳይ እንደ ዝናም ከሰማይ የሚወርድ ይመስለን ስለ ነበር፥ ኑሯቸውን እንዲመረምሩ መክረን አሰናበትናቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። መልሳችን ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱም በአንድ ደግ ሰው ትከሻ ላይ ያልሠሩትን ኃጢአት የጫነ ነውና፥ ነገሩን ከሥሩ መርምረን ልንጽፈው ወደድን።

አመዳይ ከላይ አይወርድም። በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቃለች፤ ደመና ቢኖር ግን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያቆይላት ነበር። ምድር ስትበርድ በአጠገቧ ያለው አየር ይበርዳል፤ በአየሩም ውስጥ የነበረው ለዓይን የማይታይ የውኃ እንፋሎት በሣሩና በቡቃያው ላይ ረግቶ ነጭ ይሆናል። የበረደ አየር ከሞቀው ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ፥ እንደ ውኃ ቁልቁል ፈስሶ በረባዳው ይተኛል። የሽማግሌው ማሳ በረባዳ፥ የጎረቤታቸው በዳገት ነበረ። ምክንያቱ ይኸው ነው።

የግእዝ ሊቃውንት ሐመዳ፥ አስሐትያ፥ በረድ እያሉ ለይተው መሰየማቸው ነገሩን በጥንቃቄ እንዳዩት ያሳያል። መጽሐፈ ኢዮብም በ38ኛው ምዕራፍ የበረዶና የአመዳይ መገኛ ከወዴት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ቃል አለው፤ የተጠየቀው ጻድቁ ኢዮብ ነው፥ እኛ ግን ሳንጠየቅ የምናውቅ መስሎን ነበር።

አሁን ወደ ውኃው እንመለስ። ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጓሳ ሜዳ፥ በበጋ ማለዳ የሚሄድ ሰው ባቆረው ውኃ ላይ እንደ መስተዋት ቀጭን በረዶ ረግቶ ያገኛል። በበትር ሲሰብረው ከሥሩ ውኃው ውኃ እንደ ሆነ ነው። ስለ ምን ከታች አልረጋም? ከሌላው ነገር አብዛኛው በበረደ ቁጥር እየጠበበና እየከበደ ይሄዳል። ውኃም እስከ 4 ዲግሪ ድረስ እንዲሁ ያደርጋል፤ ከዚያ በታች ግን ጠባዩን ለውጦ እየሰፋና እየቀለለ ይሄዳል። ሲረጋም ዐሥር እጅ የነበረው ዐሥራ አንድ እጅ ያህል ቦታ ይይዛል። አፉ ተደፍኖ የሞላ ገንቦ ቢረጋበት የሚሰነጠቀው ስለዚህ ነው። በረዶው ቀላል ስለ ሆነ ይንሳፈፋል፤ ተንሳፍፎም ከሥሩ ላለው ክዳን ይሆናል። በሩስያ አገር ያለው ጥልቀቱ ከ1,600 ሜትር በላይ የሆነው የባይካል ሐይቅ ክረምቱን በበረዶ ተከድኖ ሲከርም ዓሣው ከታች በሕይወት ይኖራል። በረዶ ከውኃ የሚከብድ ቢሆን ኖሮ እየሰመጠ ሐይቁን ከሥር ይሞላው ነበር።

ጣናና ሐይቅ እስጢፋኖስ የማይረጉት አንደኛ ከመንዝ እጅግ ዝቅ ብለው ስለሚገኙ ነው። ሁለተኛም ውኃ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፥ ቀስ ብሎም ይለቃል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳም ያቀኑበት የሐይቅ ውኃ ከ70 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ በላዩ የበረደው ወደ ታች እየሰመጠ የሞቀው ስለሚተካው አንድ ሌሊት ምንም አያደርገውም። በጓሳ ያቆረው አንድ ክንድ የማይሞላ ውኃ ግን ሳይነጋ ሙቀቱን ይጨርሳል።

ውኃ ሳይፈላም ይተናል። አዲስ ገንቦ ውኃን የሚያቀዘቅዘው በገላው ያዣው ውኃ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። (በመሐል ሜዳ ባቄላ የሚዘገየው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ በከፍታው አየሩ ስለሚሳሳ ውኃው ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል።) ከጣና በየዓመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከፍታ ያለው ውኃ ይተናል፤ ይህም በዐባይ ከሚወጣው አያንስም።

የመንዝ ውኃ ዕጣው ሁለት ነው። ወደ ምዕራብ የወረደው በወንጪትና በጀማ መርሐ ቤቴን ዙሮ ዐባይ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የወረደው ከአዋሽ ይገናኛል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሓ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ለዚያ ሐይቅ ከፀሐይ በቀር መውጫ የለውም። ውኃው ሲተን ከደጋው ድንጋይ ታጥቦ የመጣው ጥቂት ጨው ወደ ኋላ ይቀራል፤ በብዙ ዘመን ተጠራቅሞም ሐይቁን መራራ አድርጎታል።

ሐይቅ ሲተንና ሲቀዳ የሚገባው ካላካካሰው ይጎድላል። የሐሮማያ ሐይቅ ለመስኖና ለከተማ እየተቀዳ፥ ደለል እየሞላው፥ ፀሐይም የድርሻዋን እየወሰደች፥ በ1990ዎቹ ዓመታት ደርቆ ከብት ተሰማርቶበት ነበር፤ በኋላ ግን ውኃው ተመልሷል።

ይህን ከተረዳን በኋላ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ የረባዳውንም ነገር አስረዳናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያስ የኔታ፥ ታችኛውን ለሣር እተወዋለሁ፤ ገብሱን ወደ ዳገቱ አወጣዋለሁ» አሉን።