በመኖ ሰዓት የሚገለጥ የእይታ ችግር፦ የቤት ኤሊን ዓይን ከአፍንጫዋ ለይቶ ስለመመልከት

በግቢ ወይም በቤት ውስጥ የምትኖር ኤሊ ምግቧን ስትተው ባለቤቶቿ አስቀድመው የሚጠረጥሩት ሆዷን ነው። ጎመኑ በሰላጣ ይለወጣል፣ ሰላጣው በካሮት ይተካል፤ ይህ ሁሉ ካልረዳ አፏን በግድ ከፍቶ ማጉረስ ይጀመራል። ችግሩ ከዓይኗ የመነጨ ሊሆን እንደሚችል የሚታሰበው ብዙ ጊዜ ከዘገየ በኋላ ነው። ከዚህ ይልቅ ግን የሚከፋው ተቃራኒው ስሕተት ነው፤ ይኸውም ኤሊዋ የቀረበላትን ሁሉ ጠርጋ ስለምትበላ ብቻ ዓይኗ ጤነኛ ነው ብሎ መደምደም ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ፣ የመኖ ሰዓት የኤሊን እይታ ለመመርመር ምቹ አጋጣሚ መሆኑን፣ ሆኖም አስተማማኙ መረጃ የሚገኘው ከንክሻው ሳይሆን ከንክሻው በፊት ካለው ጥቂት ደቂቃ መሆኑን ማሳየት ነው።

ኢትዮጵያ በተፈጥሮ የየብስ ኤሊዎች ካሉባቸው አገሮች አንዷ ናት። ቅርፊቱ እንደ ነብር ዥንጉርጉር የሆነው ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስና በደረቅ ቆላ የሚኖረው ግዙፉ የአፍሪካ ኤሊ ሴንትሮኬሊስ ሱልካታ በሳይንሱ ዓለም በሚገባ የታወቁ ናቸው። በአውሮፓ ቤቶች የሚበዙት ደግሞ ቴስቱዶ በሚል የወል ስም የሚጠሩት የሜዲትራኒያን ኤሊዎች ናቸው። ከዚህ በታች የሚነገረው በአብዛኛው ሁሉንም ይመለከታል፤ ልዩነት ባለበት ቦታ ይጠቀሳል።

የአመጋገብ ቅደም ተከተል

ጤነኛ የየብስ ኤሊ ምግብ ስታይ አስቀድማ አንገቷን ዘርግታ ጭንቅላቷን ቀና ታደርጋለች። ከዚያም ፊቷን ወደ ምግቡ መልሳ በቀጥታ ትጓዛለች፤ ስትቃረብ ቆም ብላ ጭንቅላቷን ዝቅ በማድረግ ታሸትታለች፤ አፏን ከፍታ ምላሷን ታስነካለች፤ በመጨረሻ ነክሳ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ በመሳብ፣ አንዳንዴም በፊት እግሯ እየገፋች ትገነጥላለች። በየብስ ኤሊዎች ዘንድ ምግቡን አስቀድሞ የሚነካው መንጋጋ ሳይሆን ምላስ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ይህ ቅደም ተከተል የተዘረዘረው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ድርጊቶች፣ ማለትም ከሩቅ ማየት፣ መዞርና ቀጥ ብሎ መሄድ፣ በእጅጉ የዓይን ሥራ ናቸው። የየብስ ኤሊ ዓይን ቀለም የሚለይ ዓይን ነው፤ በረቲናዋ ውስጥ ያሉ ቀለም ተቀባይ ሕዋሳት ቀለም ያላቸው ጥቃቅን የዘይት ጠብታዎችን የያዙ ሲሆን፣ ብዙ ኤሊዎች ወደ ቀይና ወደ ቢጫ ነገር የሚሳቡትም ቀለሙን ለይተው ስለሚያዩ ነው። የኋለኞቹ ድርጊቶች ግን በአፍንጫና በምላስ ሊከናወኑ ይችላሉ። ስለዚህ ምግቡ በየቀኑ በአንድ ሳህን፣ በአንድ ቦታ፣ ከአፍንጫዋ ሥር የሚቀርብላት ኤሊ ጨርሶ ባታይም እንኳ ትበላለች። ቦታውን ታስታውሳለች፤ ኤሊዎች ምግብ ያገኙበትን ስፍራ እንደሚያስታውሱ በቤተ ሙከራ የታየ ነገር ነው። ጠረኑ ይመራታል፣ ምላሷ የቀረውን ይፈጽማል። ባለቤቷም በየዕለቱ የሚመለከተው ይህንኑ የመጨረሻ ክፍል በመሆኑ ምንም የጎደለ ነገር አይታየውም።

በዓለም ከታወቁት የቤት ኤሊዎች የአንዱ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በደቡብ አትላንቲክ በምትገኘው በቅድስት ሄለና ደሴት፣ በአገረ ገዥው መኖሪያ ግቢ የኖረው ዮናታን የተባለው ግዙፍ ኤሊ እ.ኤ.አ. በ1882 ወደ ደሴቱ ሲመጣ ሙሉ አካል ያለው ነበር፤ በዚህም ምክንያት የልደት ዘመኑ በግምት 1832 ተብሎ ተይዟል። ዮናታን በእርጅናው የዓይን ሞራ ጋርዶት ታወረ፤ የማሽተት ችሎታውንም አጣ። ዓይን ብቻ ቢጠፋ አፍንጫ በተካው ነበር፤ ሁለቱም ሲጠፉ ግን ለምለሙን ሣር ከደረቀው ቅጠል መለየት ተሳነው። ሰውነቱ ከሳ፤ የምንቃሩም ጠርዝ ስለቱን አጣ። የእንስሳት ሐኪሙ ጆ ሆሊንስ አትክልትና ፍራፍሬ በእጅ እንዲጎርስ ካደረጉለት በኋላ ጤናው ተመለሰ፣ ምንቃሩም እንደገና ሰላ። የመስማት ችሎታው ግን አብሮት ስለቆየ ሐኪሙን በድምፃቸው ይለይ ነበር። ከዚህ ታሪክ ለጉዳያችን የሚጠቅመው የዕድሜው ርዝመት አይደለም፤ የእይታ ማጣት ጎልቶ የወጣው አፍንጫው ማገዝ ባቆመ ጊዜ መሆኑ ነው።

ዓይንን ከአፍንጫ የመለየት ዘዴ

የመለየቱ ዘዴ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ነፋስ በሌለበት ጊዜ፣ ኤሊዋ ከዚህ በፊት ምግብ በማታገኝበት ቦታ ሁለት ነገሮች በየተራ ይቀርቡላታል። አንደኛው ክዳኑ በደንብ በተገጠመ፣ ውጭው በታጠበ፣ ብርሃን በሚያስተላልፍ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ደማቅ ምግብ ነው፤ ቀይ አበባ ወይም የቲማቲም ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ይህ ይታያል እንጂ አይሸተትም። ሁለተኛው በስስ ጨርቅ የተሸፈነ ተመሳሳይ ምግብ ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ ይሸተታል እንጂ አይታይም። ሁለቱም ከኤሊዋ ግማሽ ሜትር ያህል ርቀው አንድ ጊዜ ከፊቷ፣ አንድ ጊዜ ከግራዋ፣ ሌላ ጊዜ ከቀኟ ይቀመጣሉ። ወደ ግልጹ ዕቃ ቀጥ ብላ ሄዳ ምንቃሯን የምታሳርፍበት ኤሊ ታያለች። ግልጹን ዕቃ ደጋግማ አልፋ የምትሄድ፣ ወደ ተሸፈነው ግን ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ እያሸተተች በጠመዝማዛ መንገድ የምትደርስ ኤሊ ዓይኗ ሊመረመር ይገባዋል። ግልጹን አይታ የተሸፈነውን ካላገኘች ደግሞ ችግሩ ምናልባት በአፍንጫዋ ይሆናል፤ አፍንጫዋ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያወጣ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

የአንድ ቀን ውጤት ዋጋ የለውም። የጠገበች ኤሊ ምንም አትፈልግም፤ የደነገጠችም ከቅርፊቷ አትወጣም። ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን ተደጋግሞ፣ የቦታው ቅደም ተከተል እየተቀያየረ፣ ውጤቱ በጽሑፍ ከተያዘ ግን አንድ አቅጣጫ ብቅ ይላል።

በተለይ ጎን ለይቶ ማስቀመጡ ሊዘለል አይገባም። የኤሊ ዓይኖች በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ የተቀመጡ በመሆናቸው አንድ ዓይኗን ያጣች ኤሊ ከፊቷ ያለውን ምግብ በሌላው ዓይኗ ታገኘዋለች፤ ምናልባትም ጭንቅላቷን ትንሽ አዘንብላ ከመቅረቧ በቀር ምንም አይታወቅባትም። በታወረው ጎን የተቀመጠውን ግን እንደሌለ ቆጥራ ታልፈዋለች። በዚያው ጎን ከድንጋይና ከግድግዳ ጋር ደጋግሞ መጋጨትም የዚህ ተጨማሪ ምልክት ነው።

የሚያሳስቱ ምልክቶች

ብዙ ሰው የሚያውቀው ምልክት ምግቡን ስቶ አየርን ወይም መሬትን መንከስ ነው። ምልክቱ እውነተኛ ቢሆንም ብቻውን አያስተማምንም። ጤነኛ ኤሊም አልፎ አልፎ ትስታለች። ምንቃሯ ከመጠን በላይ ያደገ፣ አፏ ውስጥ ቁስል ያለባት ወይም ምግቡ በለሰለሰ ሳህን ላይ የሚንሸራተትባት ኤሊም እንዲሁ ናት። ልዩነቱ በአሳሳቱ ላይ ነው። የአፍ ሕመም ያለባት ምግቡን በትክክል ታገኝና ትጥለዋለች፤ የማታየዋ ግን ገና ሳትደርስበት፣ ወይም አልፋው ሄዳ፣ ወይም ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ስታ ትነክሳለች።

ሙቀት ሌላው ምክንያት ነው። ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት የምታገኘው ከአካባቢዋ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ በማለዳ የምትፈተሽ ኤሊ ብታይም አትንቀሳቀስም፤ ፍተሻው ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ወዲህ ቢደረግ ይሻላል። በእጅ ባትሪ ዓይን ላይ አብርቶ ብሌኑ መጥበቡን ማየትም በሰዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም በኤሊ ላይ ብዙ አይረዳም፤ የዓይን ብሌንን የሚያጠብቡት ጡንቻዎች በገበሎ አስተኔ እንስሳት ዘንድ በከፊል በፈቃድ የሚታዘዙ ናቸውና። እጅን በፊቷ ማወናጨፍም እንዲሁ ያሳስታል። ጭንቅላቷን የሰበሰበችው እጁን አይታ ሳይሆን የተንቀሳቀሰው አየር ዓይኗን ነክቷት፣ ወይም የእግር ኮቴ ንዝረት ተሰምቷት ሊሆን ይችላል።

እንባም ብዙዎችን ያስደነግጣል። ኤሊዎች እንባን ከዓይን ወደ አፍንጫ የሚያወርድ ቱቦ የላቸውም፤ ስለዚህ በዓይን ዙሪያ ጥቂት እርጥበት መታየቱ በራሱ በሽታ አይደለም። ያበጠ ቆብ፣ መግል፣ የነጣ ወይም የደፈረሰ የዓይን ገጽ፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ዓይን ግን በሽታን ወይም የውኃ እጥረትን ያመለክታሉ።

ስለ መንስኤዎቹ

መንስኤው ብዙ ዓይነት ነው፤ የሣር ፍሬ ወይም ገለባ ዓይን ውስጥ መግባት፣ የኮርኒያ ቁስል፣ ኢንፌክሽን፣ የእርጅና ሞራ፣ በቤት ውስጥ ለሚኖሩት ደግሞ ከልክ ያለፈ አልትራቫዮሌት የሚያወጣ አምፖል። ከእነዚህ ውስጥ ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚሹት ሁለቱ ናቸው።

የመጀመሪያው ብርድ ነው። የሜዲትራኒያን ኤሊዎች በአውሮፓ የብርድ ወራትን ተኝተው ያሳልፋሉ፤ ለዚህም 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሆነ ሙቀት ይስማማቸዋል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ግን ሌንስና ረቲና ሊጎዱ፣ በዓይን ውስጥም ደም ሊፈስ ይችላል። እንዲህ ያለች ኤሊ በጸደይ ስትነቃ ትራመዳለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ምግብ ግን አትነካም፤ ባለቤቷም ገና ከእንቅልፏ በደንብ እንዳልነቃች ቆጥሮ ሳምንታት ያሳልፋል። አንዳንዶቹ በእጅ እየተመገቡ ከቆዩ ከወራት በኋላ እይታቸው በከፊል ይመለሳል፤ አንዳንዶቹ አይመለስላቸውም። በኢትዮጵያ የሚገኙት ሁለቱ ዝርያዎች ግን እንዲህ ያለ የብርድ ወራት እንቅልፍ የላቸውም፤ ሌላ አገር የተጻፈን መመሪያ ተከትሎ እነርሱን በብርድ ማስተኛት አደገኛ ነው።

ሁለተኛው የቪታሚን ኤ እጥረት ነው። እጥረቱ የዓይን ዕጢዎችን ለውጦ ቆብን ስለሚያሳብጥ ኤሊዋ ዓይኗን መክፈት ያቅታታል። ይህ የሚበዛው ግን በውኃ ኤሊዎች ላይ ሲሆን፣ ለምለም ቅጠል በሚበሉ የየብስ ኤሊዎች ላይ ብዙም አይታይም። ያም ሆኖ ቆቡ ያበጠ ኤሊ ሁሉ ቪታሚን ኤ ይወጋ የሚል ልማድ አለ። በመርፌ የሚሰጥ ከልክ ያለፈ ቪታሚን ኤ የኤሊን ቆዳ እስከ መላጥ ያደርሳል፤ ስለዚህ ውሳኔው የሐኪም ብቻ መሆን ይገባዋል። በየቤቱ የማይጠፋው የዓይን ቅባትም ቢሆን ከፍተሻው በፊት ባይቀባ ይመረጣል፣ ቅባቱ ራሱ እይታን ያደበዝዛልና። ስቴሮይድ ያለበት የሰው የዓይን ጠብታ ደግሞ በቆሰለ ኮርኒያ ላይ ጉዳቱን ያባብሳል።

ጥርጣሬ ከተፈጠረ በኋላ

ኤሊዋ ወደ ሐኪም እስክትደርስ ድረስ ዋናው ሥራ እንዳትራብና እንዳትጠማ ማድረግ ነው። ለፍተሻው ሲባል የተለዋወጠው ቦታ አሁን መጽናት አለበት፤ ምግቡ በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ፣ ከመሬቱ ቀለም በሚለይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀርባል፤ በግቢው ያሉ ዕቃዎችም ከቦታቸው አይነሱም። በእጅ ማጉረስ ካስፈለገ ረጅም ቅጠል ይመረጣል፤ ካልሆነ በደንብ የማታይ ኤሊ ሳታስበው ጣት ልትነክስ ትችላለች። ለብ ባለ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ለመጠጣት ይረዳታል። ክብደቷም በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን ይለካል። በአምስቱ ወይም በስድስቱ ቀን የተያዘው ማስታወሻ፣ የትኛው ዕቃ በየትኛው ጎን እንደተቀመጠ፣ ኤሊዋ ከምን ያህል ርቀት ጭንቅላቷን እንዳነሣችና ወዴት ስታ እንደነከሰች፣ ከክብደቱ መዝገብ ጋር ሆኖ ለሐኪሙ ይቀርባል፤ በምርመራ ጠረጴዛ ላይ ፈርታ ቅርፊቷ ውስጥ የተሸሸገች ኤሊ ከእነዚህ አንዱንም አታሳይምና።