ስለ ጤና አዳም፤ ጠባዩ፥ ጥቅሙና አተካከሉ

ጤና አዳም በደጋና በወይና ደጋ አገር በየጓሮው የሚበቅል፥ ሽታው የበረታ፥ ቅጠሉም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ የሆነ ቍጥቋጦ ነው። ግንዱ ወደ ሥሩ ሲቀርብ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ ቁመቱም እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል። አበባው ብጫ ነው፤ አራት አራት የአበባ ቅጠል አለው፤ በዘለላው መካከል ያለችው ግን አምስት አላት። ይህን ልጆች በጣታቸው ቈጥረው ቢያገኙት ከመምህሩ አፍ ከሚሰሙት ይልቅ በልባቸው ይቀመጣል።

ይህ ቅጠል ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በሉቃስ ወንጌል በ11ኛው ምዕራፍ ፈሪሳውያን አሥራት ከሚያወጡባቸው ቅጠላ ቅጠሎች ጋራ ተጠርቷል። የስዊድን አገር የዕፀዋት ሊቅ ሊኔዎስም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1767 ዓ.ም. «ሩታ ካሌፔንሲስ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ሁለተኛው ቃል «የሐለብ» ማለት ነው፤ ሐለብም በሶርያ ያለችው ከተማ ናት።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ጤና አዳም የሎሚና የብርቱካን ዘመድ መሆኑ ነው። እንዲያውም ሊቃውንት ያንን ወገን ሁሉ የሚጠሩት በዚህ በትንሹ ቍጥቋጦ ስም ነው። መምህሩ አንድ የጤና አዳም ቅጠልና አንድ የሎሚ ቅጠል ቀጥፎ በብርሃን ፊት ቢያነሣቸው በሁለቱም ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ብሩህ ነጥቦች ይታያሉ። ቀዳዳ ግን አይደሉም፤ ዘይት የሚጠራቀምባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ናቸው። ቅጠሉ በእጅ ሲታሽ ሽታው የሚወጣው እነርሱ ስለሚፈርሱ ነው።

አሁን ስለ ጕዳቱ እንናገር፤ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ዋናው ነገር እርሱ ነውና። ጤና አዳም የሚለው ስም ራሱ ሰውን ያዘናጋል። የቅጠሉ ጭማቂ የሰውን ገላ ሲነካና በዚያው ላይ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ቆዳውን ያቃጥላል። ክፋቱም ወዲያው አለመታወቁ ነው፤ ሕፃኑ ዛሬ በቀትር ቅጠል ሲለቅም ውሎ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን እጁ ይቀላል፤ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል፤ እርሱም ሲሽር ጠባሳው ጠቍሮ ለብዙ ሳምንታት ይቈያል። በዚህ ጊዜ ቤተ ሰቡ ምች መታው፥ ወይም ቡዳ በላው ይላል፤ ለመድኃኒትም ያንኑ ጤና አዳም ጨምቆ ይቀባዋል። ልጁም እንደ ገና ፀሐይ ላይ ከወጣ ቍስሉ በቍስል ላይ ይጨመራል።

ስለዚህ በትምህርት ቤት አታክልት ሥራ ጤና አዳም የሚለቀመው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም በማለዳ ነው፤ ለቃሚዎችም ወዲያው እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠቡ። ጭማቂ የነካው ሰው ከታጠበ በኋላ ሁለት ቀን ያህል ያንን ቦታ በልብስ ሸፍኖ ከፀሐይ ይጠብቀው። ውሃ የቋጠረውን ማፍረጥ አይገባም፤ ቍስሉ ሰፊ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ጤና አዳም በብዛት ሲጠጣ ማኅፀንን ያነሣሣል፤ ጽንስን እስከ ማስወረድ ይደርሳል፤ ጕበትንና ኵላሊትን ይጐዳል፤ ነፍስም ያጠፋል። ነፍሰ ጡር ሴት ለሆድ ቍርጠት ብላ ጭማቂውን ወይም የተቀቀለውን ውሃ ከቶ መጠጣት የለባትም። ለሕፃን ልጅም ጨምቆ ማጠጣት መተው ያለበት ልማድ ነው፤ የትንሽ ገላ ልክ ከትልቅ ሰው ልክ ጋራ አይተካከልምና። መምህሩ ወጣት ስለሆነ ይህን ለእናቶች መናገር ሊያፍር ይችላል፤ በዕድሜ የገፋችሁ አባቶችና እናቶች ግን ብትናገሩት ይሰማል።

ለምግብ ማጣፈጫ የሚሆነው መጠን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ከዚህ የተለየ ነው። ቡና በሚቀዳበት ጊዜ አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ በስኒው ውስጥ ትገባለች፤ ጥቂት ቈይታም ትወጣለች። ከጀበናው ጋራ አብረው የሚያፈሉት ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ቡናው ይመራል እንጂ አይጣፍጥም፤ ሽታውም በእንፋሎቱ ያልቃል። ቅጠሉ ተከትክቶ በአይብ ላይ ቢነሰነስ መልካም ነው። ከቃሪያ ጋራ በሚፈጨው በዳጣም ውስጥ ይገባል። የደረቀው ፍሬ ደግሞ ከሌላው ቅመም ጋራ ለበርበሬ ይወቀጣል፤ ፍሬው ከቅጠሉ ይበረታልና ባለሙያ ሴቶች በጥቂቱ ይጨምሩታል።

አተካከሉ አያስቸግርም። ፀሐይ የሚያገኘውና ውሃ የማይተኛበት መሬት ይመረጣል፤ ጤና አዳምን ከድርቅ ይልቅ የሚገድለው ረግረግ ነውና፥ በጥቁር አፈር አገር መደቡን ከፍ ማድረግ ይገባል። ከቅርንጫፍ ሲባዛ ካላበበው ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ተቈርጦ የታችኛው ቅጠል ተመልምሎ በጥላ ሥር በለሰለሰ አፈር ይተከላል፤ ሥር እስኪሰድም ድረስ አፈሩ ረጠብ ብሎ ይጠበቃል። በዘር የሚሆን እንደ ሆነ ዘሩ በመደብ ላይ ተነስንሶ ስስ አፈር ይለብሳል፤ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ገደማ ይበቅላል። ችግኙ ሲጠነክር በግማሽ ሜትር ርቀት ይዛወራል። ፍግ ማብዛት አያስፈልገውም። ካበበ በኋላ ጫፉን ቢከረክሙት አዲስ ቅጠል ያወጣል፤ ነገር ግን ቅጠል የሌለውን አሮጌ ግንድ ድረስ አይቈረጥ፤ ከዚያ ላያቈጠቍጥ ይችላል።

ቦታው ከመተላለፊያና ልጆች ኳስ ከሚጫወቱበት የራቀ ይሁን። ለዘር የሚቀረው ፍሬ ቡናማ መሆን ሲጀምር ከነዘለላው ተቈርጦ፥ በጥላ ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ከሥሩም ጨርቅ ይነጠፋል፤ ፍሬው ሲሰነጠቅ ጥቍሩ ዘር በዚያ ላይ ይረግፋል።