የተከፈለ የጂአይ ቢል ገንዘብ ተመላሽ ሲሆን፦ ከመፈረምዎና ከመልቀቅዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አንድ ሳጅን በሰባተኛ የአገልግሎት ዓመቱ የጂአይ ቢሉን፣ ማለትም በአገልግሎቱ ያገኘውን የትምህርት ክፍያ ጥቅም፣ ለሚስቱ አስተላለፈ እንበል። ሚስቱ ነርሲንግ ገባች፣ ጨረሰች፣ ሥራም ያዘች። እሱ ጥቅሙን ሲያስተላልፍ አራት ዓመት ሊጨምር ፈርሟል። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ እንዳገለገለ ጥሩ የሲቪል ሥራ ተገኘና በመልካም ስንብት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሰው ሁሉ ቪኤ ከሚለው፣ ደብዳቤ መጣ። የተጠየቀው የጎደለው ስድስት ወር ተሰልቶ አይደለም፤ ለሚስቱ ትምህርትና መጽሐፍ የወጣው ገንዘብ በሙሉ ነው።

ሳጅኑ የታሰበ ሰው ነው፤ ሕጉ ግን የታሰበ አይደለም። ጉዳዩ እኛንም በቀጥታ ይነካል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በጀመረውና እስከ 2016 አዲስ ሰው በተቀበለበት የሚፈለግ ቋንቋ የሚችሉ የውጭ ዜጎችን በሚመለምለው፣ ማቭኒ በተባለው ፕሮግራም ከፈለጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። በዚያ መንገድም ሆነ በግሪን ካርድ ገብተው በዚያው የቆዩ ወገኖቻችን ዛሬ ከአሥር ዓመት በላይ አገልግለዋል። ጥቅሙን ለትዳር ጓደኛ ወይም ለልጅ የሚያስተላልፉበት፣ ወይም ልውጣ አልውጣ የሚሉበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ከባዱ ዕዳ የሚወለደውም በትምህርት ቤት ሳይሆን በእነዚህ ሁለት ውሳኔዎች መካከል ነው። ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት የሚከተሉትን ይመርምሩ።

የስንብትዎ ዓይነት

ከመስከረም 11 በኋላ ላገለገሉ የወጣው ጂአይ ቢል ቢበዛ 36 ወር ትምህርት ይከፍላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያገለገለ 100 በመቶ ያገኛል፤ 90 ቀን ብቻ ያገለገለ ከ50 በመቶ ይጀምራል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚስተው የስንብቱን ዓይነት ነው። ለዚህ ጥቅም የሚያበቃው «ኦነረብል» የሚለው ስንብት ብቻ ነው። ከሱ አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው «ጄኔራል» በስሙ ውስጥ ክብር የሚል ቃል ስላለው፣ ለሕክምናና ለሌሎች የቪኤ ጥቅሞችም ብዙውን ጊዜ በር ስለማይዘጋ ሰውን ያዘናጋል። የጂአይ ቢሉን በር ግን ይዘጋል።

በዲሲፕሊን ወይም በክብደት ምክንያት «ቻፕተር» ሊደረጉ፣ ማለትም ውልዎ ሳያልቅ በአስተዳደር ውሳኔ ሊሰናበቱ ከሆነ፣ ቶሎ ወደ ቤት እገባለሁ ብለው የቀረበልዎን ወረቀት አይፈርሙ። ከወታደራዊ ጠበቃ ጋር ያለ ክፍያ የመማከር መብት አለዎት። መጀመሪያ ይጠቀሙበት፤ ጠበቃውንም «ይህ ስንብት ጂአይ ቢሌን ምን ያደርገዋል? ለቤተሰቤ ያስተላለፍኩትንስ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። ከዚያ በፊት ሌላ የአገልግሎት ዘመን በኦነረብል ጨርሰው ዳግም ፈርመው ከነበረ፣ ያ የቀድሞው ዘመን ብቻውን ሊያበቃዎ ስለሚችል የሁለቱም ወረቀት በእጅዎ ይሁን። ስንብትዎ በደል አለበት የሚሉ ከሆነም ዲዲ 293 በሚባለው ቅጽ በ15 ዓመት ውስጥ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል።

ለቤተሰብ ያስተላለፉት

ከባዱ ዕዳ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለው ያንብቡት።

ለማስተላለፍ ቢያንስ ስድስት ዓመት ማገልገልና አራት ዓመት ለመጨመር መስማማት ያስፈልጋል። የትዳር ጓደኛ ወዲያው መማር ትችላለች። ልጅ የሚጀምረው አገልጋዩ አሥር ዓመት ሲሞላው ነው፤ ልጁም ሃይስኩል የጨረሰ ወይም 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ 26 ዓመት ሲሞላውም ያበቃል። ማመልከቻው የሚገባው ሚልኮኔክት በተባለው የመከላከያ ድረ ገጽ ሲሆን የሚያጸድቀውም መከላከያ እንጂ ቪኤ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ስሕተት ይፈጠራል። ቪኤ የመማሪያ ፈቃዱን ልኮ ትምህርት ቤቱ ስለተከፈለው ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስላል። የአገልግሎት ግዴታው ግን በመከላከያ መዝገብ ላይ የራሱ ማብቂያ ቀን አለው፤ ያ ቀን ደግሞ ከመደበኛው ውልዎ ማብቂያ ጋር ላይገጥም ይችላል። የመጽደቂያ ደብዳቤውን ያውጡና ቀኑን ይፈልጉ። ከመውጫ ቀንዎ ጋር አስተያይተው አንድ ሳምንት እንኳ ቢጎድል ውልዎን ማራዘም እንደሚቻል ይጠይቁ።

ይህን የምለው ሕጉ በከፊል የተፈጸመን ግዴታ ስለማይቆጥር ነው። ከአራቱ ዓመት ሦስት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ያገለገለና አንድ ወር ያገለገለ ሰው በዕዳው ስሌት አንድ ናቸው። ግዴታው በጎደለበት ቀን እስከዚያ ድረስ ጥቅም ላይ የዋለው ሁሉ እንደ ትርፍ ክፍያ ይቆጠራል። በበኩሌ ይህን ፍትሐዊ ሆኖ አላየውም። በቃሉ አብዛኛውን መንገድ የሄደ ሰው ለሄደበት ሊታሰብለት ይገባ ነበር። ሕጉ እስካልተለወጠ ድረስ ግን እቅድዎ በዚህ ላይ ይቁም።

ነጻ የሚያወጡ ምክንያቶች አሉ፤ ጥቂት ናቸው። አገልጋዩ ከሞተ፣ ለሥራው በማያበቃ የጤና ችግር ወይም በሠራዊቱ በታመነበት የቤተሰብ ችግር ከተሰናበተ ዕዳ የለም። ሠራዊቱ ራሱ ቁጥር ሲቀንስ ያሰናበታቸው ሰዎች ጉዳይም ይታያል። «የተሻለ ሥራ አገኘሁ» ወይም «ከአዛዤ ጋር አልተስማማሁም» ከነዚህ ውስጥ አይገባም። የጤና ችግር ካለብዎ በራስዎ ውሳኔ ከመልቀቅዎ በፊት የሕክምና ቦርድ እንዲያይዎ ይጠይቁ። በአንድ ዓይነት የጉልበት ሕመም የተሰናበቱ ሁለት ሰዎች በስንብት ወረቀታቸው ላይ በተጻፈው ምክንያት ብቻ አንዱ ባለ ዕዳ፣ አንዱ ነጻ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዕዳው የማን ነው? ቀድሞ ተማሪውም አስተላላፊውም በአንድነት ተጠያቂ ነበሩ፤ ቪኤ የሃያ ዓመት ልጅንም በአባቱ ውል መጠየቅ ይችል ነበር። በጥር 2021 በወጣው የአይዛክሰንና የሮ ስም በተሰጠው ሕግ ግዴታውን ባለመፈጸም የሚመጣው ዕዳ የፈረመው ሰው ብቻ ሆነ። ለቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ቢሆንም ገንዘቡ ከአንድ ጓዳ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ የመልቀቅ ሐሳብ ሲመጣ ባልና ሚስት የመጽደቂያ ደብዳቤውን አብረው ይዩት።

ከቋሚው ጦር ወደ ናሽናል ጋርድ ወይም በየወሩ ወደሚሰለጥነው ሪዘርቭ ያለ ክፍተት በመዛወር ቀሪውን ጊዜ መጨረስ የሚቻልበት መንገድ አለ። የሲቪል ሥራ ላማራቸው ሰዎች እኔ የምመክረው ይህንኑ ነው። ዝውውሩ ግዴታዎን እንደሚያስቀጥል ግን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበሉ። ስምዎ ብቻ ተይዞ ልምምድ የማይጠራዎት ተጠባባቂ ክፍል አይቆጠርም።

ልጆቻቸው ገና አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ቪዛ የሚጠብቁ አባቶችና እናቶች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጥቅም የሚተላለፍለት ሰው ዲርስ በተባለው የመከላከያ የቤተሰብ መዝገብ ላይ መኖር አለበት፤ ከሠራዊቱ ከወጡ በኋላ ደግሞ አዲስ ሰው መጨመር አይቻልም። በአገልግሎት ላይ ሳሉ ለእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ወር ከሰጡ በኋላ ወሮቹን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። ስለ ፍቺም በአጭሩ፦ የተላለፈ ጂአይ ቢል እንደ ጋራ ንብረት አይከፈልም፤ ፍቺ በራሱም አያቋርጠውም። ያስተላለፈው ሰው ግን በማንኛውም ጊዜ ቀሪውን ወር መሻር ይችላል። የተማሩበትን መሻር አይቻልም፤ የአገልግሎት ግዴታውም ከፍቺው ጋር አይፈርስም።

ክላስ ማቋረጥ

ተማሪው ራሱ ወታደሩ ቢሆንም ባይሆንም፣ ክላስ መጣል የዕዳ መንገድ ነው። የመጣያ ቀኑ ካለፈ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት ለቀው ነጥብ የማይታሰብበት «ደብሊው» ከተጻፈ፣ ቪኤ ከሴሚስተሩ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ለዚያ ክላስ የከፈለውን ይጠይቃል። እስከ መጨረሻ ተምሮ የወደቀ፣ «ኤፉ» በአማካይ ውጤቱ የሚታሰብበት ተማሪ ግን ለቪኤ ዕዳ የለበትም። እየቀሩ የተሰጠ «ኤፍ» ከዚህ ይለያል፤ እሱ ከመጨረሻው የተገኙበት ቀን ጀምሮ ይቆረጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያቋርጡ እስከ ስድስት ክሬዲት ድረስ ምክንያት ሳይጠየቁ የሚታለፉበት ዕድል አለ። በሕይወትዎ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ በማይረባ ክላስ አያባክኑት። ከዚያ በኋላ ምክንያት በማስረጃ ይጠየቃል፦ ሕመም፣ የቅርብ ቤተሰብ ሞት፣ ሳይታሰብ የተቀየረ የሥራ ሁኔታ፣ ድንገተኛ የግዳጅ ጥሪ፣ የልጅ ጠባቂ መጥፋት። አገር ቤት ለቅሶ የሄደ ተማሪ የአውሮፕላን ትኬቱንና የሞት ማስረጃውን ከነትርጉሙ ያስቀምጥ። ያረፈችው ያሳደገችዎ አክስት ከሆነች ቪኤ እንደ እናት እንደሚያያት አይገምቱ፤ ያሳደገችዎ እሷ መሆኗን በደብዳቤ ያስረዱ።

ከ2021 ወዲህ የትምህርት ክፍያውን ትርፍ ቪኤ የሚጠይቀው ትምህርት ቤቱን ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ዞሮ ተማሪውን ሊያስከፍልና እስኪከፈለው ትራንስክሪፕት ሊይዝ ይችላል። የቤት ኪራይና የመጽሐፍ ገንዘቡን ግን ቪኤ የሚጠይቀው በቀጥታ ተማሪውን ነው። ስለዚህ ክላስ ከመጣልዎ በፊት በትምህርት ቤቱ የወታደር ተማሪዎችን ምዝገባ ለቪኤ የሚያረጋግጠውን ሠራተኛ ያነጋግሩ። በየወሩ «አሁንም እየተማርኩ ነው» ብሎ ማረጋገጥም አይዘንጋ፤ ሁለት ወር ካለፈ የኪራይ ገንዘቡ ይቆማል።

በአገልግሎት ላይ ሳሉ የሚገኘው ቱዩሽን አሲስታንስ ሕጉ ሌላ ነው። በክሬዲት 250 ዶላር፣ በዓመት እስከ 4,500 ዶላር ይከፍላል። በመጀመሪያ ዲግሪ ከ«ሲ» በታች፣ በማስተርስ ከ«ቢ» በታች ከመጣ ተመላሽ ነው። መኮንን ከሆኑ ደግሞ ከመጨረሻው ክላስ በኋላ የሁለት ዓመት አገልግሎት ይጨምራል። ልጅዎ አርኦቲሲ በተባለው የመኮንንነት ሥልጠና ስኮላርሺፕ የሚማር ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ቢያቋርጥ ገንዘቡን መመለስ ወይም በተራ ወታደርነት ማገልገል ሊታዘዝ እንደሚችል ሁለተኛው ዓመት ሳይጀምር ይወቅ።

ደብዳቤው ከመጣ

አይደብቁት። በእኛ ዘንድ የመንግሥት ዕዳ እንደ ውርደት ስለሚታይ ሰው ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ይከታል፤ ቀኑ ደግሞ ይቆጥራል። ዕዳው ስሕተት ነው ካሉ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቃወሙ፤ እንዲህ ሲሆን ጉዳዩ እስኪታይ ተቀናሽ አይጀመርም። ዝም ካሉ ከአካል ጉዳት ክፍያዎ ወይም ከራስዎ የትምህርት ገንዘብ ይቆረጣል። በ120 ቀን ውስጥም ወደ ግምጃ ቤት ሊተላለፍና የታክስ ተመላሽዎ ሊያዝ ይችላል። ቤት ለቀው ከሆነ አድራሻዎን በቪኤም በትምህርት ቤቱም ያስተካክሉ፤ ደብዳቤው በድሮው አድራሻ ቢቀርም ቀኑ አይቆምም።

ዕዳው ትክክል ከሆነም ሦስት መንገድ አለ፦ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል፣ ከዕዳው አነስ ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ አቅርቦ መደራደር፣ ወይም የዕዳ ምሕረት መጠየቅ። ለምሕረቱ የመጀመሪያው ደብዳቤ ከደረሰ አንድ ዓመት ጊዜ አለዎት። የቤተሰብ ገቢና ወጪ የሚሞላበት 5655 የተባለው ቅጽ ያስፈልጋል። አገር ቤት ለወላጅ በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ ካለ ከነደረሰኙ ያስረዱ። ማጭበርበር ወይም ሆን ብሎ መደበቅ ከተገኘ ምሕረት የለም። ከዚያ ውጭ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነና መክፈሉ ቤተሰቡን ምን ያህል እንደሚጎዳ ይመዘናል። የሠራዊቱ አስተዳደር የግዴታዎን ማብቂያ የተሳሳተ ቀን ሰጥቶዎት ከነበረ፣ ወረቀቱ የሚጠቅምዎት እዚህ ነው። ቅጹን ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቅዎን ሰው ይለፉት፤ በቪኤ የታወቁ የወታደር ማኅበራት ተወካዮችና በብዙ ካውንቲዎች ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ሠራተኞች በነጻ ይረዳሉ።

ምሕረቱ ከተከለከለ ውሳኔው በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ለይግባኝ ቦርዱ ማመልከት ይቻላል። ይግባኙ እስኪታይ ግን ዕዳው መሰብሰቡን ሊቀጥል ስለሚችል አነስተኛም ቢሆን ወርሃዊ ክፍያ ይዋዋሉ። በመጨረሻ ከተፈረደልዎ የከፈሉት እንዲመለስ መጠየቅ ይችላሉ።